ለአንድ ወቅት ስሜን ተራሮች ካምፕ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኜ ልሂድ?

ጥያቄ፦ «23 ዓመቴ ነው። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ በምግብ ዝግጅት ተመርቄ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ ስሜን ተራሮች ውስጥ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ካምፖች ላይ ምግብ አብሳይ ሆኜ እንድሠራ ጠይቆኛል። የሚከፈለኝ በጉዞ ቁጥር ነው። ‹ጉርሻው ከደመወዝ ይበልጣል፤ የወቅት ሥራ ስለሆነ ደግሞ ውል አያስፈልግም› ብለውኛል። የደጋ ልጅ ስለሆንኩ ከፍታው አያሳስበኝም፤ ብርዱን ግን ፈርቻለሁ። ከሰል ይዤ ብሄድ ይሻላል? የሆቴሉን ሥራ ለቅቄ ልሂድ? ሥራውስ ወደ አስጎብኚነት ያደርሰኛል?»

መልስ፦ ከከሰሉ እጀምራለሁ፤ ካነሳሻቸው ነገሮች ሁሉ በአንድ ሌሊት ሰው የሚገድለው እሱ ነው። ድንኳን ውስጥም ሆነ በሩ በተዘጋ የሠራተኛ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አይገባም። «ውጭ አቀጣጥለን ጭሱ ካለቀ በኋላ ፍሙን እናስገባዋለን» የሚለው ልማድ አያድንም። የሚገድለው የምናየው ጭስ አይደለምና። ፍሙ ቀልቶ፣ ጭሱ ጠፍቶ ሳለ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና ሰውን በእንቅልፉ ይወስደዋል። ተራራ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ጉዳቱ ቶሎ ይደርሳል።

ሌላም አደጋ አለው። የከሰል መመረዝ ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና መዛል ነው። የከፍታ ሕመም ምልክቱም ያው ነው። አንድ ሠራተኛ ከሰል ባለበት ክፍል አድሮ ራሱን ሲያመው «ከፍታው ነው» ብሎ ተመልሶ እዚያው ይተኛል። በአንድ ክፍል ያደሩ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው መጀመሪያ የሚጠረጠረው አየሩ ነው። ወዲያውኑ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጡ፣ በሩ ይከፈት፣ ከዚያ በኋላ ስለ ከፍታ ይታሰብ። ይህን ለሥራ ባልደረቦችሽም ንገሪ፤ አንዱ በልማድ ምድጃ ቢያስገባ የምትተኚው አንቺም ነሽና።

አሁን ወደ ከፍታው። «የደጋ ልጅ ነኝ» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የተራሮቹ መግቢያ ከተማ ደባርቅ 2,850፣ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር አካባቢ ናቸው። ጨነቅ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ጎንደር ላይ ከምታገኚው በስድስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ተቀምጦ ገደሉን ለሚያይ ሰው ይህ ላይታወቀው ይችላል። በሌሊት ተነስቶ ውኃ ለሚቀዳና ጀሪካን ለሚሸከም ሰው ግን በየእርምጃው ይታወቃል። ደባርቅ ተወልዶ በየሳምንቱ ግጭ የሚወጣውን ባለ በቅሎ በመጀመሪያው ሳምንት ልፎካከር አትበይ። አዲስ ሠራተኛ ሲወድቅ ያየሁት ከሁሉ በላይ በዚህ ነው።

ከ3,000 ሜትር በላይ የሚሠራበት ደንብ ቀላል ነው፤ የምታድሪበት ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። በእግር የሚሄድ እንግዳ ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ ሲያልፍ ይህን ደንብ ሳያውቀው ይጠብቃል። ሠራተኛው ግን ብዙ ጊዜ ከዕቃው ጋር በመኪና ይጫናል፤ ጠዋት ከጎንደር ተነስቶ ማታ ጨነቅ ማደር በአንድ ቀን 1,500 ሜትር መውጣት ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጉዞሽ ላይ አንድ ሌሊት ደባርቅ፣ ሁለት ሌሊት ሳንቃበር አድረሽ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ውጪ። ድርጅቱ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለ ለሌላውም ነገር ጊዜ እንደማይኖረው ዕወቂ።

ቀላል ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና የተቆራረጠ እንቅልፍ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የተለመዱ ናቸው፤ ባለሽበት ዕረፊ፣ ውኃ ጠጪ፣ እስኪሻልሽ ከፍ አትበይ። የሚያስፈሩት ምልክቶች ሌሎች ናቸው፦ ተቀምጠሽ ሳለ ትንፋሽ ማጠር፣ አረፋ ወይም ደም የቀላቀለ ሳል፣ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ፣ መዘባረቅ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን፣ እንግዳው እራት ባይበላም። ዳያሞክስ የተባለው ኪኒን ሰውነት ቶሎ እንዲለምድ ያግዛል እንጂ በመውረድ ፈንታ አይዋጥም፤ ያለ ሐኪም ምክርም አይወሰድ። እዚህ ላይ በሦስቱ ካምፖች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ሳንቃበርና ጨነቅ የመኪና መንገድ ያገኛቸዋል። ግጭ መኪና አይደርስም፤ የታመመ ሰው የሚወርደው በበቅሎ ወይም በሰው ትከሻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራሽ ግጭ ላይ አይሁን። ከመሄድሽ በፊት ደግሞ ደምሽን ተመርመሪ፤ የደም ማነስ ያለበት ሰው ተራራ ላይ ከሌላው ይበልጥ ይደክማል።

ብርዱን መፍራትሽ ትክክል ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሳሩ ላይ አመዳይ ታያለሽ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ከላይ በመደራረብ ነው። ሙቀት የሚያልቀው ወደ መሬቱ ነው። ሁለት ጋቢ ደርቦ ከሥሩ ስስ ፍራሽ ያነጠፈ ሰው ሲንቀጠቀጥ ያድራል፤ አንዱን ጋቢ ከሥሩ ያነጠፈ ይተኛል። ወፍራም የስፖንጅ ምንጣፍና ከዜሮ በታች ለሚወርድ ብርድ የተሠራ የመኝታ ከረጢት ድርጅቱ እንዲያቀርብ ጠይቂ፤ የሥራ መሣሪያ ነው። ከድስት እንፋሎትና ከላብ የረጠበ የጥጥ ልብስ ለብሰሽ አትተኚ። ለመኝታ ብቻ የሚሆን አንድ ደረቅ ልብስና የሱፍ ካልሲ ለይተሽ ያዢ፣ ለሥራ አታውጪው። በጃሪካን ወይም በብረት ኮዳ ሙቅ ውኃ ሞልተሽ፣ ክዳኑን አጥብቀሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ እግርሽ ሥር ማድረግ ከሰል ሊሰጥሽ ያሰብሽውን ሙቀት ያለ አደጋ ይሰጥሻል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ፊትና ከንፈር ይገሸልጣል፤ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት አይረሱ።

ወደ ውሉ እንምጣ፤ ረጅም ጊዜ የምቆየው እዚህ ላይ ነው። «የወቅት ሥራ ስለሆነ ውል አያስፈልግም» ያለሽ ሰው ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ አንቺ እንደማታውቂ ገምቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዓመት ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚሠራና በየዓመቱ የሚደጋገም ሥራ ለተወሰነ ጊዜ በሚደረግ ውል እንዲሠራ ይፈቅዳል። ይህ ማለት ውሉ ማብቂያ ቀን ይኖረዋል ማለት ነው፤ ውል አይኖርም ማለት አይደለም። በቃል ተስማምታችሁ ሥራ ከጀመርሽም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነገሮች በጽሑፍ አድርጎ፣ ፈርሞ ሊሰጥሽ ይገባል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለሽ፤ በሕዝብ በዓል ለሠራሽው ሰዓት በእጥፍ ይከፈላል። ሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስብሽ ደግሞ የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው።

የካምፕ ወጥ ቤት ቀኑ እንዴት እንደሚውል ስታውቂ እነዚህ ቁጥሮች ለምን እንደሚያስፈልጉ ይገባሻል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ትነሺያለሽ፤ እንግዳው 12 ሰዓት ላይ ሻይና ገንፎ ይፈልጋል። ቁርስ እንዳነሣሽ ዕቃ ታጥቦ፣ ታስሮ በበቅሎ ይጫናል፤ እንግዳው በገደሉ አፋፍ እየተዝናና ሲሄድ አንቺ በአቋራጭ ቀድመሽ ደርሰሽ ምሳና ሙቅ ውኃ ታዘጋጂያለሽ። እራት ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ የመጨረሻው ድስት ሲታጠብ 3 ሰዓት ያልፋል። መሐል ላይ ያሉትን የዕረፍት ሰዓታት ቀንሰሽም ከ8 ሰዓት በላይ ነው። ትርፍ ሰዓቱ እንዴት እንደሚታሰብ፣ ወይም በጉዞዎች መካከል ስንት ሙሉ ቀን ጎንደር ወይም ደባርቅ እንደምታርፊ ይጻፍ። ወቅቱ ጾመ ነቢያትን፣ ገናንና ጥምቀትን ይዞ ይሄዳል። በተለይ ጥምቀት ላይ እንግዳው ጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ አክብሮ በማግስቱ ወደ ተራራው ስለሚመጣ አንቺ ጥር 11ን ከቤተሰብ ጋር የምታከብሪ አይምሰልሽ። ስለ ጾሙም እስከ ከሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ 3,600 ሜትር ላይ ሸክም መሸከም ራስን ስቶ እስከ መውደቅ ሊያደርስ ስለሚችል ከንስሐ አባትሽ ጋር አስቀድመሽ ተማከሪ።

ጉርሻ ደመወዝ አይደለም። ደንበኛ ደስ ሲለው የሚሰጠው ነው፤ ሕጉም ከደንበኛ የሚገኝን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ ውስጥ አይቆጥረውም። «ጉርሻው ይበልጣል» እያለ ደመወዙን የሚያሳንስ አሠሪ እንግዳ ያልመጣ እንደሆነ ኪሳራውን ወደ አንቺ እያዞረ ነው። ጉርሻው ከመጣ ደግሞ በአስጎብኚው፣ በስካውቱ (እንግዳውን በሚያጅበው ሰው)፣ በምግብ አብሳዩ፣ በረዳቱና በባለ በቅሎዎቹ መካከል በምን ድርሻ እንደሚከፈል ከጉዞው በፊት ይነገር። ካምፕ ላይ ጠብ የሚነሣው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው።

አንድ ያላነሳሽው ነገር አለ። ካምፕ ላይ የምታያቸው ሰዎች ሁሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አይደሉም። የፓርኩ ጠባቂዎች የመንግሥት ተቀጣሪዎች ናቸው። ከእንግዳ ጋር የሚሄዱት ስካውቶች፣ ባለ በቅሎዎችና ብዙዎቹ ምግብ አብሳዮች ግን የአካባቢው ሰዎች ሲሆኑ በየማኅበራቸው ተደራጅተው በተራ የሚሠሩ ናቸው። ለዚህ ሕዝብ ፓርኩ መሬትና ግጦሽ አስቀርቶበታል፤ የግጭ ነዋሪዎች ከመንደራቸው ተነስተው ደባርቅ የሰፈሩት በቅርቡ፣ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከጎንደር የመጣች ምግብ አብሳይ ለእነሱ ተራ የምትወስድ ሰው ናት። ቅሬታቸው ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ድርጅቱ ከደባርቁ የምግብ አብሳዮች ማኅበር ጋር ተነጋግሮ እንደሆነ ጠይቂ፤ ረዳትሽ የአካባቢው ሰው ቢሆን ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው። እሱ ውኃው የት እንደሚገኝ፣ ንፋሱ ከየት እንደሚነሣ ያውቃል፤ አንቺ ያለሽን ሙያ ታሳይዋለሽ።

ሴት በመሆንሽ መኝታሽ የት እንደሆነ ከመፈረምሽ በፊት በግልጽ ይታወቅ። የሠራተኛ ክፍሎቹ የጋራ ናቸው፤ አብዛኛው ሠራተኛ ወንድ ነው። «እዚያው እናመቻቻለን» የሚል መልስ አትቀበዪ። ከውስጥ የሚዘጋ የራስሽ ድንኳን፣ ወይም ከሌላ ሴት ሠራተኛ ጋር የምትጋሪው ድንኳን ውሉ ላይ ይጻፍ። ይህን መጠየቅ ቅብጠት አይደለም። ይህን በጽሑፍ ለመስጠት ያመነታ ድርጅት ጋር እኔ የራሴን እህት አልልክም።

ስለ ሙያው ጥቂት ልበል፤ ሆቴል የተማርሽው ሁሉ ተራራ ላይ አይሠራም። ግጭ ላይ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራና አደንጓሬ በተራ ድስት ቀኑን ሙሉ ቢጣዱ ልባቸው አይበስልም፤ ጋዙን ትጨርሻለሽ። ፕሬዠር ኩከር የምንለው የግፊት ድስት የግድ ነው፤ ከሌለ ጥራጥሬውን ሌሊቱን ዘፍዝፊ፣ ወይም ቶሎ የሚበስለውን ክክ ምስር ያዢ። ፓስታና ሩዝ ከለመድሽው የበለጠ ደቂቃ ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው «ውኃው በ88 ዲግሪ ከፈላ ጀርሙ አይሞትም» ይላል፤ ይሞታል፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። እንግዳን ከተራራ የሚያወርደው ከፍታው ብቻ አይደለም፣ ተቅማጥም ነው፤ እሱ የሚመጣው ደግሞ ከእጅና ከመክተፊያ ነው። ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን ውኃና ሳሙና ከወጥ ቤቱ ድንኳን በር ላይ ሁልጊዜ ይኑር፤ ጥሬ ሰላጣን ተዪው። ሌሊት የቀዘቀዘ የጋዝ ሲሊንደር ጠዋት እሳቱ ይደክማል፤ ይህን አይተው ሲሊንደሩን ወደ ነበልባል የሚያስጠጉ ሰዎች አሉ፤ ሲሊንደር ወደ እሳት አይጠጋም። ፀሐይ እስኪነካው ጠብቂ፣ ወይም ማታ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከነፋስ አርቂው።

ማገዶ ከፓርኩ አይለቀምም፤ ደረቅ ነው ተብሎም አይለቀምም። አስታና አሜጃ በዚያ ብርድ እጅግ ቀስ ብለው የሚያድጉ ዛፎች ናቸው። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ከገባ በኋላ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ላይ ቆይቷል፤ ከዚያ መዝገብ ለመውጣት ብዙ ተደክሟል። በመጋቢትና ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. እሳት ተነስቶ ጓሳ የተባለውን የደጋ ሳርና አስታውን ሲበላ ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስከ መምጣት ተደርሷል። ያንቺ ሥራ የሚያበቃው ጓሳው ከደረቀ በኋላ ነው፤ የምድጃሽን አመድ በውኃ ሳታርሺ አትጣዪ።

የምግብ ትርፍራፊ ለጭላዳ ዝንጀሮ አይሰጥም። ሳር የሚበላው እንስሳ አንዴ ዳቦ ከለመደ ድንኳን መቅደድ ይጀምራል፤ የወንዱን ክራንቻ ደግሞ በቅርብ ማየት አትፈልጊም። ቁራውም ያልታሰረ ከረጢት ይፈታል፤ ስንቅ ክዳን ባለው ሣጥን ይቀመጥ። ውሻ ካምፕ አካባቢ አታለምጂ፤ የቤት ውሻ የሚያመጣው የእብድ ውሻ በሽታ በቁጥር ጥቂት ለሆነው ቀይ ቀበሮ ትልቅ ሥጋት ነው። ውሻ አንቺን ከነከሰሽ ደግሞ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥበሽ በዚያው ቀን ለክትባት ውረጂ።

ወደ አስጎብኚነት ያደርሰኛል ወይ ላልሽው፣ በራሱ አያደርስም። አስጎብኚነት የራሱ ሥልጠና፣ ፈቃድና ቋንቋ ያለው ሙያ ነው፤ አስር ዓመት ያበሰለ ሰው በምግብ አብሳይነቱ ብቻ ፈቃድ አይሰጠውም። ነገር ግን መንገዱን፣ ዕፅዋቱንና እንስሳቱን በእግርሽ ታውቂያለሽ፤ እንግሊዝኛሽም ይከፈታል። በመንገድ ላይ ጅብራውን፣ ዋልያውን፣ የገደሎቹን ስም እየጠየቅሽ መዝግቢ።

የመጨረሻው የገንዘብና የጸጥታ ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት የእንግዳው ቁጥር እጅግ አሽቆልቁሏል፤ መንገዱም አንዳንድ ቀን ይዘጋል። በዚህ ጊዜ በጉዞ ቁጥር ብቻ መከፈል ማለት ጉዞ በተሰረዘ ቁጥር በባዶ እጅ መመለስ ማለት ነው። ስለዚህ የምመክርሽ ይህን ነው፦ የሆቴሉን ሥራ አሁን አትልቀቂ። ድርጅቱ ወርኃዊ መነሻ ደመወዝ፣ ወይም እንግዳ ቢቀርም የሚከፈል ዝቅተኛ የጉዞ ቁጥር፣ የመኝታሽን ሁኔታ፣ ብትታመሚ በማን መኪናና በማን ወጪ እንደምትወርጂ በጽሑፍ ከሰጠሽ ሂጂ፤ እስከ ጥር መጨረሻ ብቻ ፈርሚ፤ ሳንቃበርና ጨነቅ ላይ ጀምሪ። ከጥር በኋላ ለመቀጠል ከፈለግሽ ያን ጊዜ ሥራውን አውቀሽ፣ ዋጋሽን ይዘሽ ትደራደሪያለሽ። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን እንኳ ካልሰጠሽ ዘንድሮ ቅሪ። ከፈረምሽም በየጉዞው ዋዜማ ደባርቅ ወደሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውለሽ መንገዱን ሳትጠይቂ ከጎንደር አትነሺ፤ አሽከርካሪው «ሰላም ነው» ቢልሽም ራስሽ ደውዪ።